በኤልያስ ቀን ማን አጨደ?

ፓምፊል ኮድሬአ በነቢዩ ኤልያስ በዓል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እየተደወለ፣ መስክ ወጥቶ ሣር ሲያጭድ የገዛ ማጭዱ ቆርጦት ሞተ ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

መንደሩ ግሩሼት በሙሉ አመነ። የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ጋቭሪላ አምኖ በስድስት መስመር ጻፈው። ሐኪሙም ፈረመበት። በማራሙሬሽ ተራሮች ሰው "በኤልያስ ያጨዱትን ድርቆሽ መብረቅ ይበላዋል" ሲባል እየሰማ ነው የሚያድገው። ዕድሜ ልኩን በዓል ሽሮ የማያውቅ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ በገዛ ደብሩ ንግሥ ማለዳ ማጭድ አነሳ ሲባል፣ ለማመን ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም።

ለምን አመኑ? መመሪያው ስለተቀየረ ነው።

ለአሥራ ሁለት ዓመት የነበረው ደንብ ገበሬ በጣቱ ቆጥሮ የሚጨርሰው ነበር። ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በፊት አትጨድ፤ ወፎቹ ጫጩታቸውን ያውጡ። በሞተር አትጨድ፤ በእጅህ እጨድ። መስኩን አትረስ፣ መድኃኒት አትርጭ፤ አፈሩ የያዘውን ካርቦን ይዞ ይቀመጥ። ይህን የፈጸመ፣ የአየር ንብረትን ለሚጠብቅ ግብርና የተመደበውን ድጎማ ያገኛል። ዘንድሮ ግን ማጭድ በሥዕል እንጂ በእጃቸው የማያውቁ ሰዎች ዋና ከተማ ቁጭ ብለው "አሻሻልነው" አሉ። ትንሽ መስክ ያለው ብቻውን አያመልክት፤ ማኅበር ይግባ። ማኅበሩን የተፈቀደለት አማካሪ ይምራ። አጨዳው ቦታና ሰዓት በሚመዘግብ የስልክ ፎቶ ይረጋገጥ፤ ፎቶውንም አማካሪው ያንሳ። የመጨረሻው ቀን ደግሞ የኤልያስ ዕለት፣ እስከ ማታ።

የኤልያስ ዕለት! ከዚያ ሁሉ ፈራሚ መካከል የቀን መቁጠሪያ የገለጠ አንድ ሰው ጠፋ።

ስለዚህ ሰዉ "ምስኪን፣ ቀኑ አልቆበት በዓል ሻረ፤ ኤልያስም አልማረውም" አለ። ሬሳውን የሸኘው ከመንደሩ ግማሹ አይሞላም። በማግስቱ ሚስቱ ናስታሲያ በጥቁር ልብሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ሲጌት ከተማ ወረደች፤ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይም ተቀመጠች። እስከ ቀትር በኋላ ማንም ምን ፈለግሽ አላላትም።

በመጨረሻ አንዲት አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት አጠገቧ ቆመች። ኢንስፔክተር ስማራንዳ ቡግናር ናት።

"ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?"

"ባሌ በዓል አልሻረም ብለሽ ጻፊልኝ።"

"እኛ የምንመረምረው ሰው እንዴት እንደሞተ ነው።"

"እሱን ካገኘሽው ይሄም አብሮ ይወጣል፣ ልጄ።"

"ለሳጅኑ ነግረውታል?"

"ማጭዱ የሱ አይደለም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። አልጻፈውም።"

ስማራንዳ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

*

የፓምፊል መስክ ከታች እስከ ላይ ታጭዶ፣ ድርቆሹ በእንጨት ላይ ተከምሮ ቆሟል። መሃሉ ላይ ብቻ፣ አንድ ክፍል የሚያህል ክብ ቦታ ገና አረንጓዴ የሆነ ሣር ወድቆበታል። በዳር በኩል ደም የጠጣ አፈር አለ።

"ሌላው መቼ ታጨደ?" አለች ስማራንዳ።

"ከሳምንት በፊት፣ ኢንስፔክተር" አለ ጋቭሪላ። "ይቺ የቀረችው ናት። ሊጨርሳት መጥቶ ነው መቼም።"

"አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም? መስክ ሲታጨድ መሃሉ በክብ ይቀራል?"

 እሷ ተንበረከከች። ሣሩ ግማሹ ተበጥሷል፣ ግማሹ ከነሥሩ ተነቅሏል። ላም የጋጠችው ይመስላል። በሣሩ መካከል የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት አገኘች፤ የደረቀ አስኳል ተጣብቆበታል።

"ድርጭት" አለች። "ለሷ ብሎ ነው የተወው።"

ከዚያ መንደር ጣቢያ ወርደው ማጭዱን አስወጣች። በቁም የሚታጨድበት፣ ባለ ረጅም እጀታው ማጭድ ነው። ከእጀታው አጋማሽ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል።

"ያዘው እስቲ።"

ጋቭሪላ ያዘው። ወገቡ ላይ መሆን የነበረበት መጨበጫ ደረቱ ጋ ደረሰ።

"ፓምፊል ካንተ ይረዝም ነበር?"

"ኧረ የት! ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው።"

"ስለቱንስ አይተኸዋል? የፋብሪካ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። አንድ ቀን በመዶሻ አልተቀጠቀጠም፣ አንድ ቀን ድንጋይ አልነካውም። ጫፉ ሰው ይወጋል፤ ስለቱ ግን ቅቤ አይቆርጥም። ይሄን ይዞ ነው የአርባ ዓመት አጫጅ መስክ የወጣው?"

"አየሁት፣ ኢንስፔክተር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሳልዋሽ፣ አየሁት። ግን የድጎማው ክፍያ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣ አቶ ሳባው፣ ለንግሡ ተጋብዘው እዚሁ ነበሩ። 'አደጋ ነው፣ ጻፈውና ይለቅ፤ የሕዝቡን በዓል አታደፍርስ' አሉኝ።"

"እሳቸው ሐኪም ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ያንተ አለቃ ናቸው?"

ጋቭሪላ መዝገቡን ከፍቶ አቀበላት። ስማራንዳ የሐኪሙን ወረቀት አነበበች። የጭን ደም ሥር ተቆርጧል፤ ከማጅራት በላይ ምት አለ፣ "ሲወድቅ ድንጋይ ያገኘው ሳይሆን አይቀርም"። የሞት ሰዓት ከንጋት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት። መስኩን ከዳር እስከ ዳር ዞራዋለች፤ አስከሬኑ በተገኘበት በኩል አንድም ድንጋይ አላየችም።

*

"ይኸውልሽ የሱ" አለች ናስታሲያ ከከብቶች በረት ደጃፍ ቆማ።

ማጭዱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ስለቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የመሳያ ድንጋዩ የሚቀመጥበት የበሬ ቀንድም አጠገቡ በአፉ ተደፍቷል። አጫጅ መስክ ሲወጣ በዚህ ቀንድ ውኃ ሞልቶ ቀበቶው ላይ ያንጠለጥለዋል። ስማራንዳ ጣቷን ከተተች። ደረቅ አቧራ ነው።

"ለበዓሉ ዋዜማ ጠቅልሎ የሰቀለው ራሱ ነው። ጠዋት ባዶ እጁን ወጣ። ወፏን ከሩቅ አይቶ ቤተ ክርስቲያን ሊመጣ ነበር።"

"ይሄን ማጭድ ለሰው ያውሰው ነበር?"

"ምን ሲደረግ! 'ማጭድና ሚስት አይዋሱም' ይል ነበር። የሰው ማጭድ ልክ እንደ ሱሪው ነው፣ ልጄ። በቁመትሽ ነው የሚሠራው።"

"ጠላት ነበረው?"

ናስታሲያ በአገጯ ወደ ጎረቤቱ አጥር አመለከተች። "ከቶአደር ጋር አይነጋገሩም ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ገብቶ ፈረመ። የኔው ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ 'መስክህን ለፎቶ ሸጥከው' አለው። 'አፍህን አስይዝሃለሁ' አለው ቶአደርም። ግን ቶአደር ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።"

በአጥሩ ማዶ ቶአደር እንጨት ይፈልጣል። ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ ነው። ያ ማጭድ ለሱ ልክ ይሆን ነበር።

*

የማኅበሩ አማካሪ ራዱ ቪሻን ቢሮው የድሮው የኅብረት ሱቅ ውስጥ ነው። ከቆላው ከተማ ነው የመጣው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፈገግታውም ዝግጁ ነው።

"በጣም ያሳዝናል" አለ። "ማሻሻያውን መልመድ ከብዷቸዋል። እስከ መጨረሻው ቀን ይቆዩና ይሯሯጣሉ። እኔ ስንቴ ነገርኳቸው!"

"በኤልያስ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?"

"ሥራ ላይ ነዋ። ከንጋት ጀምሮ ከወንዙ ማዶ፣ የቶአደር መስክ፤ ሲያጭድ ፎቶ እያነሳሁት።" ስክሪኑን አዞረላት። ቶአደር ማጭድ ይዞ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀኑና ቦታው ተጽፏል፣ ሰዓቱም ጠዋት ሁለት ተኩል። "ከዚያ እስከ ፓምፊል መስክ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ በመኪናም ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሰው ይዋሻል፣ ኢንስፔክተር። ሲስተሙ አይዋሽም።"

ስማራንዳ በትሕትና አመስግናው ወጣች። ለሲጌት ባልደረባዋ ደውላም "የማኅበሩን አባላት ፎቶ በሙሉ ከመዝገቡ አስወጥተህ በትልቁ አትምልኝ" አለችው።

*

"ቶአደር፣ በኤልያስ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ቤተ ክርስቲያን።"

"መዝገቡ ከወንዙ ማዶ ስታጭድ ነበርክ ይላል። ፎቶህም አለ።"

የቶአደር መጥረቢያ አየር ላይ ቆመ። "እንግዲያው... እዚያ ነበርኩ።"

"የቱ ነው?"

"መዝገቡ ያለው ይሁን።"

"ሁለት ቦታ ነበርኩ የሚል ሰው ሦስተኛ ቦታ ነበረ ማለት ነው። ከሟች ጋር ተጣልተህ ነበር። የተገኘውም ማጭድ በቁመትህ ልክ ነው። ገባህ?"

ከመስኮቱ የሚስቱ ጭንቅላት ብቅ አለ። "አንተ ግንድ! በዓል ሻርኩ ብለህ ልትፈርም ነው? የደብሩን ሰንደቅ ተሸክሞ የዞረው ማን ነው፣ ጥላህ ነው?"

"ዝም በይ አንቺ ሴት! ድጎማውን መልሱ ቢሉን ከየት አባቴ ልመልስ? አጭበረበርክ ብለው ቢያስሩኝስ?"

"ይሰሩሃ! ገዳይ ከምትባል አጭበርባሪ ብትባል አይሻልህም? በዓል ሻሪ ብትባል ደግሞ ሁለቱን ሴት ልጆችህን ማን ያገባልሃል?"

ቶአደር እንጨቱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። "አላጨድኩም" አለ። "ከኤልያስ አራት ቀን በፊት አማካሪው ጠራኝና 'ይቺን ይዘህ ቁም' አለኝ። ቆምኩ። አነሳኝ። ስልኩን ሲነካካ ነበር፤ ቀኑን እንደሚቀይር በምን አውቃለሁ? መስኬንማ በሰኔ፣ ወፎቹ ገና ሳይወጡ፣ ሌሊት በትራክተር አሳጭዶታል። ወረቀቱ ላይ በእጅ ነው የሚለው። ፓምፊል ይሄን አይቷል።"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

"መስኬ ትንሽ ነዋ፣ እትዬ! ብቻህን አታመለክትም አሉኝ። ያለ ማኅበሩ ምንም የለኝም። ማኅበሩ ደግሞ እሱ ነው።"

የደብሩ ቄስ አባ ኢሪሚም አረጋገጡ። "ከንጋት ጀምሮ ሰንደቁን ይዞ ነበር። እንዲያውም ሲገባ ጉበኑ ላይ ገጨውና ቅዱስ ቦታ የማይባል ቃል አወጣ፤ ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።" ከዚያም ጨመሩ። "ፓምፊል ከቅዳሴ በኋላ ሊናገር ነበር። ስለ ትራክተሩ። ዳይሬክተሩ ፊት።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"እኔና ዳይሬክተሩ። አስቀድሞ ጻፈላቸው። 'አባ፣ ሰውን በድንገት ማሳፈር ነውር ነው፤ መልሳቸውን አዘጋጅተው ይምጡ' አለኝ።"

ስማራንዳ ሰማችና ወደ ውጭ ወጥታ ብቻዋን ቆመች። ነውር ነው አለ። አንድ ገበሬ ባለሥልጣን እንዳያፍር ተጨነቀለት።

*

ፎቶዎቹ በማግስቱ መጡ። ስማራንዳ በናስታሲያ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ሃያ ሦስት ሰው፣ ሃያ ሦስት መስክ። ጋቭሪላ ከኋላ ቆሟል። ናስታሲያ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ እያነሳች ተመለከተች።

"ይሄ ኦናፍሬይ ነው፤ አጭር ነው እንደኔው ሰውዬ። ይሄ መጨበጫ ጉሮሮው ጋ ደርሷል፣ ምን ሆኖ ነው? ይሄ ደግሞ ጎርዛ፤ ግራኝ ነው፣ በቀኝ ይዞታል።" እጇ ቆመ። "ልጄ... ይሄ እኮ አንድ ማጭድ ነው።"

በሃያ ሦስቱም እጀታዎች፣ በአንድ ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ ፕላስተር ነበር።

ለሃያ ሦስት አጫጅ አንድ ማጭድ። ሣር ቆርጦ የማያውቅ፣ ለፎቶ ብቻ የተገዛ፣ በአማካሪው መኪና ከመስክ መስክ የሚዞር። እዚያ ክፍያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እነዚህን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያዩ "ተረጋግጧል" ብለው ያጸደቁ ሰዎች ደመወዝ ይበላሉ። አንዲት መንደርተኛ መበለት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያየችውን አንዳቸውም አላዩም። ወይስ አይተው ነበር?

"ጋቭሪላ፣ ይሄው ማጭድ ከፓምፊል ሬሳ ሥር ስንት ሰዓት ተገኘ?"

"እኩለ ቀን ላይ። ግን ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ጫፉ ጭኑ ውስጥ ተሰክቶ ነው የተገኘው።"

"የሞተው ከሁለት ሰዓት በፊት ነው። ይሄ ፎቶ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያው ማጭድ ወንዝ ማዶ በቶአደር እጅ ነበር ይላል። አንድ ማጭድ በአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ። ሲስተሙ አይዋሽም አለኝ እኮ።"

ቪሻንን ቢሮው በር ላይ ያዙት። ፎቶዎቹን አየ፣ ፕላስተሩን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

"ማጭድ ማጭድ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ሁሉም አንድ ነው! ምን ልዩነት አለው?"

"ለእርስዎማ የለውም" አለች ስማራንዳ።

የቀረውን ራሱ ተናገረ። በማለዳ መስኩ ድረስ ሄዶ እንዳይናገር ለመነው። ፓምፊል "ንግግሬ ካንተ ጋር አይደለም፣ ከሹሙ ጋር ነው" ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ቪሻን ከመንገዱ ዳር ባነሳው ድንጋይ መታው፤ ድንጋዩን ወንዝ ውስጥ ወረወረው። መኪናው ውስጥ የነበረው ማጭድ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ጫፉን ጭኑ ላይ ሰካበት። መስኩ ላይ የቆመው ሣርም ያ አንድ ክብ ብቻ ነበር፤ ሥራ ላይ የነበረ እንዲመስል እሱኑ በጣጠሰው። የድርጭቷን ጎጆ አላየም። በዓሉንም አላሰበውም፤ ለሱ ዕለቱ የማመልከቻ ማብቂያ ቀን ነው።

ቪሻን መኪና ውስጥ ስማራንዳ አንድ ደብዳቤ አገኘች። የፓምፊል የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ትልልቅና ጥንቁቅ። "የተከበሩ ዳይሬክተር፣ በኤልያስ ዕለት በሕዝብ ፊት ስለምጠይቅዎ አስቀድመው እንዲያውቁት..." ይላል። በኅዳጉ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም፣ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት። ከማኅተሙ ሥርም በቀይ እስክሪብቶ "ለአማካሪው ተመርቷል" የሚል ተጽፎ፣ የማይነበብ ፊርማ።

ከሳሹን ለተከሳሹ መሩት!

አለቆቿ "ገዳዩ ተይዟል፤ መዝገቡ ይዘጋ" አሏት። ጽሕፈት ቤቱ በሁለት መስመር መለሰ፦ አቤቱታን ለሚመለከተው ባለሙያ መምራት መደበኛ አሠራር ነው። በዚያው ሳምንት ለሃያ ሦስቱም አባወራ ድጎማውን መልሱ የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

*

በአርባው ቀን ግሩሼት በሙሉ መጣ። በቀብሩ ዕለት የቀሩትም መጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ናስታሲያ ንፍሮውን በሳሕን ይዛ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። አባ ኢሪሚ ኢንስፔክተሯ የላከችውን ወረቀት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "ሟች ፓምፊል ኮድሬአ በዕለቱ ማጭድ አላነሳም። በዓል አልሻረም።" ቶአደር ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

ዳይሬክተር ሳባውም የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተው ነበር። ናስታሲያ ንፍሮውን ለጋቭሪላ አስያዘችና ከቀሚሷ ኪስ ኢንስፔክተሯ የሰጠቻትን የደብዳቤውን ግልባጭ አወጣች።

"ጌታው፣ ይሄ ቀይ ጽሑፍ የማን ነው?"

"እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ቦታውም ጊዜውም አይደለም። በጽሑፍ ያመልክቱና..."

"በጽሑፍማ ባሌ አመልክቷል።"

 ዳይሬክተሩ ወደ መኪናቸው አንድ እርምጃ ተራመዱ። ቶአደር፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው ሰውዬ፣ ሄዶ የመኪናው በር ፊት ቆመ። አልነካቸውም። ቆመ ብቻ።

ናስታሲያ ወረቀቱን ወደ ላይ አነሳችው።

"አስቀድሞ የጻፈልዎ እንዳያፍሩ ብሎ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ለመልስዎ ተዘጋጅተዋል እንግዲህ። ኤልያስም እየሰማ ነው፣ እኛም እየሰማን ነው። የባሌን ደብዳቤ ለገዳዩ የመራው እጅ የማን ነው? እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስሙን ጠርተው ይመልሱ!"